ጀሪካንና ወንበር

ቢራራ ሳፋውን ገልብጦ ቂጡን በጥፍሩ ጫር አደረገው። ስስ ልጣጭ እንደ ሽንኩርት ተላቆ ተነሳ። የፈራው አልቀረለትም።

ኮር ዊሊያም በሚሉት ሰፈር ዳር ባለችው የቆርቆሮ ወርክሾፕ አሮጌ ፕላስቲክ እየፈጨና እያቀለጠ ዕቃ ሲሠራ እንደዚህ የተጨነቀበት ሳፋ የለም። ያዘዘችው በሰፈሩ ክሊኒክ የምታዋልደው ኛላም ናት። የብረት ሳፋዎቿ አንድ በአንድ ተሰርቀው አልቀዋል። የገበያው ፕላስቲክ ደግሞ የፈላ ውሃ ሲገለበጥበት ይለሰልስና ሲያነሱት ይታጠፋል። መቀሶቿን በለብታ ውሃ ማጠብ ከጀመረች ወዲህ አንዲት አራስ በትኩሳት ሞታባታለች።

የጀሪካን ፕላስቲክ ቢጥሉት አይሰበርም፤ ሙቀት ግን አይችልም። ከወንዝ ዳር መጠጥ ቤቶች ተሰብሮ የሚጣለው የወንበር ፕላስቲክ ሙቀት ይችላል፤ ፀሐይ ስላደረቀው ግን ለብቻው ሲሠራ እንደ ገል ይሰነጠቃል። ቢራራ ሁለቱን ቀላቀላቸው። ማስማሚያ የሚሉት ሦስተኛ ቅመም ካልገባበት ድብልቁ እንደማይዋሃድ አዲስ አበባ ፋብሪካ ሳለ ተምሯል። ማስማሚያው ከካምፓላ እስኪመጣ ጠበቀ፤ ዝናብ መንገዱን ቆረጠው። በመጨረሻ ያለሱ ሠራው። የፈላ ውሃ ሲሞላበት ሳፋው ንቅንቅ ስላላለ ተደስቶም ነበር። ደጋግሞ ሲሞላበት ነው ይህ ልጣጭ የመጣው።

ኛላም ከቦዳቦዳ ሞተር ወርዳ በሩ ላይ ቆመች።

«ኬፍ፣ እንዴት ነዎት ጋሼ ቢራራ? ሳፋሽ አልደረሰም እንዳይሉኝ ብቻ።»

«ደርሷል። ግን አልሰጥሽም፣ ሲስተር።»

«ለሌላ ሊድሩት ነው?»

ልጣጩን አሳያት። «አብረው ቀለጡ እንጂ አንድ አልሆኑም። አንድ ቀን ቂጡ ከነፈላ ውሃው እግርሽ ላይ ይወልቃል።»

«አንድ ቀን መቼ?»

«አላውቅም። ዛሬም ሊሆን ይችላል።»

«ስንት ባልና ሚስት ሳይስማማ ያረጃል» አለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። «ጠዋት አንዲት ልጅ ምጥ ይዟት መጥታለች። የመጀመሪያዋ ነው። መውጫውን ለማስፋት መቀስ ሳያስፈልገኝ አይቀርም።»

«ማስማሚያው ሲመጣ ደህናውን እሠራልሻለሁ።»

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ። ምጥ ካምፓላን አይጠብቅም።»

ሳፋውን ወደ መፍጫው ሊጥለው ሲል ከእጁ ወሰደችው። አልታገላትም። ቢሰጣት እሷን ሊያቃጥል፣ ቢከለክላት ያቺን የማያውቃትን ልጅ ሊቀብር ሆነበት።

«ማን ነው የሚያነሳው?»

«እኔ ነኛ። ረዳቴ ከሄደች ቆይታለች።»

ቢራራ ወፍራም ቦት ጫማውን አጥልቆ ወርክሾፑን ቆለፈና ተከተላት።

ክሊኒኩ ጓሮ፣ መቀስ በማያስገባ አፈ ጠባብ ማንቆርቆሪያ ውሃው ፈላ። ኛላም መቀሶቹ ላይ ስትገለብጠው እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ከውስጥ የልጅቱ ሲቃ ይሰማል። ቢራራ ሳፋውን ከሥሩ ደግፎ፣ እግሩን እየጎተተ እስከ ጠረጴዛው ወሰደው። ቂጡ ቻለ። ደስ አላለውም። ዛሬ መቻሉ ስለ ነገ የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ ነገ ደግሞ እሱ ወርክሾፑ ውስጥ ነው፣ ኛላም ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው።

መቀሶቹን በመቆንጠጫ አውጥታ ሳትዞር ገባች። ልጅቱ ጮኸች፤ ከዚያ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመ። በመጨረሻ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ።

«ጋሼ» አለች ኛላም ከመጋረጃው ወዲያ፣ ድምፅዋ ዝሎ። «ካልሄዱ ለመስፊያዬ ሌላ ውሃ ይጣዱልኝ። ደሙ አልቆም ብሏል፤ መስፋት አለብኝ።»

ቢራራ ከሰሉን ቆሰቆሰና ውሃውን ጣደ።