የለቅሶ ቤት ውሃ

«ጋራዡ ሞልቷል፤ ይሄን ደግሞ የት ላድርገው?» አለ ደምሴ፣ አንድ እሽግ የፕላስቲክ ውሃ ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ኮሪደሩ ላይ ደርድረው» አለችው ሀረገወይን ከኩሽና ብቅ ብላ። «ብቻ መተላለፊያ ተውልን።»

አሳምነው ቀና ብሎም አላያቸው። ልጁን ህዝቅያስን ኦክላንድ ቀብሮ ከተመለሰ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳን ሆዜ ያለው ቤቱ ሳሎን ከቤተ ክርስቲያን በተዋሱት ተጣጣፊ ወንበሮች ዙሪያውን ተሞልቷል። ሰው ከሥራ ሲወጣ በየተራ እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ስለ ፓርኪንግ ያማርራል፣ ይሄዳል። እሱም ለሁሉም እኩል ራሱን ይነቀንቃል።

አገር ቤት ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንጀራውንም ንፍሮውንም ይዞ ይመጣል። እዚህ ግን የጅምላ መደብሩ ኮስትኮ ይገባና ውሃ ተሸክሞ ይወጣል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ምናልባት አልቃሽ እንባው እንዳይደርቅበት ታስቦ ይሆናል። ደምሴ ደግሞ የዕድሩ ሊቀመንበር ነውና በዚህ የሚቀድመው የለም። ለቅሶ ቤት ከሐዘንተኛው ቀድሞ ይደርሳል እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ቀልዱን እንደ ምርቃት ይቀበለዋል።

እሽጉን ቀደደና አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ ለአሳምነው አቀበለው።

«ጠጣ እንጂ። ከንፈርህ እኮ ተሰነጣጠቀ።»

አሳምነው ተቀበለው። ጠርሙሱ እጁ ውስጥ ተንቋቋ። ደምሴ ዞር እስኪል ጠበቀና ወንበሩ ሥር አስቀመጠው። እዚያ ሌሎችም ተከፍተው ያልተቀመሱ ነበሩ።

ከጀርባው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንዷ ከሄይዋርድ የመጣች ናት፤ ሌላዋን አያውቃትም።

«ልጁ ግን ሥራው ምን ነበር?»

«ዘፋኝ ነው። ደግሞ ሰርፍ ያደርጋል። ጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል ሲጋልብ ይውልና ማታ ጊታሩን ይዞ መድረክ ይወጣል።»

«ብር አለው ማለት ነው?»

«ምን ይኖረዋል፣ እኩሌታውን ለባሕር ይሰጣል አሉ።»

«ለባሕር? ባሕር ብር ምን ያደርግለታል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አሳምነው ራሱ ይስቅ ነበር። ይህንኑ ጥያቄ በዚሁ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ፣ ልጁን ስንት ጊዜ ጠይቆታል። አሁን ግን ሴቶቹ ከአፉ የሰረቁት መሰለው። አፈረ።

ለመሆኑ ልጁን ባሕር ጋ የወሰደው ማን ሆነና? ራሱ አይደል? ያኔ አሳምነው የኤርፖርት ቫን ይነዳ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንግዶች ጭኖ ሳንታ ክሩዝ ይወርዳል። ሚስቱ ወርቂቱ ቅዳሜ የአዛውንቶች መጦሪያ ተረኛ ስለነበረች፣ ትንሿን ልጃቸውን ዮዲን የራሷ እህት ሀረገወይን ጋ ትተዋለች፤ ህዝቅያስን አሳምነው ከጎኑ ያስቀምጠዋል። እንግዶቹ ሲዝናኑ አባት መኪናው ውስጥ ያሸልባል፣ ልጅ አሸዋ ላይ ይሮጣል። አንድ ቀን ሲነቃ ልጁ የለም። ደንግጦ ወርዶ ቢፈልገው፣ የማዕበል መጋለቢያ ቦርድ የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ጣውላው ላይ አስተኝተው ውሃው ውስጥ እየገፉት አገኘው። ልጁ ቆሞ፣ ወድቆ፣ ጨው ውሃ ተፍቶ እንደገና ይስቃል። አሳምነው በዚያን ዕለት የሚያስለቅስ ቁጣ ተቆጣው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ይዞት ሄደ፤ ምን ያድርግ፣ ሀረገወይን ሁለቱን አትችል፣ ሌላ የሚጠብቅለት ሰው የለውም።

ሲመለሱ ሀይዌይ ሰቨንቲን አለ። ተራራውን የሚሰነጥቅ፣ ጠመዝማዛ፣ ለደከመ ሹፌር የማይሆን መንገድ ነው። እንግዶቹ ከኋላ ያንኮራፋሉ፤ የአሳምነው ዓይን ይከደናል።

«ህዝቄ፣ በል ዝፈን! እንቅልፍ እንዳይወስደኝ።»

ልጁ ይዘፍናል። መጀመሪያ ከሰንበት ትምህርት ቤት የተማራቸውን መዝሙሮች ነበር። እነሱ ሲያልቁበት ከራሱ መፍጠር ጀመረ፤ ስላየው ማዕበል፣ ድንጋይ ላይ ስለተኛው የባሕር እንስሳ፣ ከኋላ ስላንቀላፋው ራሰ በራ ሰውዬ። በትንንሽ እጆቹ የመኪናውን ዳሽቦርድ እንደ ከበሮ እየመታ ሳን ሆዜ ያደርሰዋል። የጊታር አስተማሪ ያገኘው በኋላ ነው፤ ዘፈን ማውጣት የተማረው አባቱን ሊያነቃ ነው።

አድጎም የዘፈነው ያንኑ ነው፤ ባሕሩን። ከትንንሽ ቤቶች ወደ ትልልቅ አዳራሾች ወጣ። ከየኮንሰርቱ ከሚያገኘው እኩሌታውን ለባሕር ዳርቻና ለወንዝ ማጽጃ ይሰጣል። ይህም አይበቃው፣ ሰው ሰብስቦ ራሱ ያጸዳል። ከአባቱ ቤት ጀርባ ያለችው ወንዝ ሳትቀር። አንድ እሑድ አሳምነው በመስኮት ሲያይ፣ ኮሌጅ ያስተማረው ልጅ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አሮጌ ጎማ ይጎትታል። ህዝቅያስ ቀና ብሎ አየው፤ እጁንም አውለበለበለት። አሳምነው ጎረቤት እንዳያይ መጋረጃውን ዘጋ።

አሁን ያ መጋረጃ ሐዘን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። አሳምነው ባየው ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

የባሰው ግን ቀደም ብሎ ሚስቱ ወርቂቱ ስትሞት ለቅሶዋ ላይ የሆነው ነው። ህዝቅያስ ያን ሰሞን ከሳንታ ክሩዝ መጥቶ ከኩሽና አልወጣም ነበር። ቧንቧ ያለው ትልቅ የውሃ በርሜል አስቀመጠ፣ ብርጭቆ ከየጎረቤቱ ተዋሰ፣ እንግዳ የጠጣበትን እየተቀበለ ያጥባል። እጁ በሳሙና ተላጠ። ከዚያ ደምሴ እንደ ልማዱ እሽግ ውሃ ተሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ አስቆመው።

«ጋሽ ደምሴ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን ፕላስቲክ አንቀበልም። መልሰው ይውሰዱት፣ ብርጭቆ አለ።»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ለቅሶ ቤት ያመጡትን መመለስ «ሐዘኔን አትካፈለኝ» ማለት ነው። አሳምነው ከወንበሩ ተነሣ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየ።

«አንተ የምታለቅሰው ለእናትህ ነው ለዓሣ? ሂድ፣ ዓሣህ ጋ ሂድና አልቅስ!»

ህዝቅያስ የያዘውን ብርጭቆ አደራርቆ ገንዳው አጠገብ ደፋውና ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሳምነው ቃሉን ሊመልሰው አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር አልሞከረምም። ከዚያ ወዲህ ለበዓል «እንኳን አደረሰህ» ይባባሉ ነበር። ኮንሰርት በኖረ ቁጥር ልጁ በስልክ ቴክስት ጽፎ ይጠራዋል፤ አባት «በሚቀጥለው» ይላል። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው ይላል ዛሬ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ።

በሩ ተንኳኳና ጉዲና ገባ። ኦክላንድ ያደገ፣ ከህዝቅያስ ጋር ከበሮ የሚመታ ጓደኛው ነው። ከኋላው ፀሐይ ፀጉራቸውን ያነጣችው ወጣቶች ተከትለዋል፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሀረገወይን ውሃ ልታድል ስትል ሁሉም ከየቦርሳቸው የራሳቸውን የብረት ኮዳ አወጡ።

«እነዚህ ደግሞ ተጸየፉን እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

ዮዲ ከአክስቷ እጅ ጠርሙሶቹን ተቀበለች። ኮንኮርድ ከተማ ነርስ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትደፍረውም። «ኢትስ ፎር ሂም፣ አንቲ» አለች። «ለህዝቄ ብለው ነው።»

ጉዲና አሳምነው እግር ሥር ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳንታ ክሩዝ እንወጣለን። ሰርፈር ሲሞት እንዲህ ነው የምናደርገው። ሁላችንም በቦርድ እንገባና ውሃው ላይ ክብ እንሠራለን፣ ስሙን እንጠራለን፣ አበባ እንጥላለን። እርስዎ ዳር ላይ ቢሆኑ... ፕሊስ፣ ቢመጡልን።»

ደምሴ ጣልቃ ገባ። «ቅዳሜ እኮ የኦክላንድ ሰው በሙሉ ለቅሶ የሚመጣበት ቀን ነው። ሐዘንተኛ ቤቱን ጥሎ የት ይሄዳል? ነውር ነው።»

አሳምነው ሁለቱንም የሰማ አይመስልም።

«ብቻውን ነበር?» አለ።

ጉዲና ምን እንደጠየቀው ገባው። «አዎ፣ ጋሼ። ከሾው በኋላ እኔ እዚያው አደርኩ። እሱ ጠዋት ወንዙን የሚያጸዱ ሰዎች ቀጥሮ ስለነበር በሌሊት እየነዳ ሳንታ ክሩዝ ልመለስ አለ። ፖሊሶቹ ሰቨንቲን ላይ፣ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነው አሉ።»

ያን ሁሉ ዓመት ውሃ ይወስድብኛል ብሎ የፈራውን ልጅ፣ ራሱ እየነዳ እንጀራ የበላበት መንገድ ወሰደው። አሳምነው ይህን ሲያስብ ሰንብቷል። ጉዲና ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

«ሲነዳ እንቅልፍ ሲመጣበት እኔን ኮል ያደርጋል። ‹ዝፈንልኝ› ይለኛል። እኔ ደግሞ ድምፄ አስቀያሚ ነው፣ በዚያ እየሳቀ ይነቃል። ‹ይሄ የአባቴ ሲስተም ነው› ይለኝ ነበር። ያን ቀን... ስልኬ ቻርጅ አልነበረውም፣ ጋሼ። ጠዋት ስከፍተው ሁለቴ ደውሏል።»

አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው፣ ወለል ላይ ተቀምጦ። ለማንም ነግሮት እንደማያውቅ ያስታውቃል። አሳምነው ጎንበስ ብሎ የጉዲናን ራስ በሁለት እጁ ያዘ።

«ተው፣ ልጄ። አንተ ምን አደረግህ? ተራው የኔ ነበር። ለእኔ መደወል ነበረበት። እንዳይደውልልኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ደምሴን አየው። «ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሰው ቢመጣ በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ግን ልጄ ሲጠራኝ በሚቀጥለው አልልም።»

ደምሴ ወጣና በረንዳ ላይ ስልክ ሲያነጋግር አመሸ።

ቅዳሜ ጠዋት አሳምነው ጥቁር ሱፉን ለብሶ ሲወጣ፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ተሞልቷል። የኦክላንድ ሰው፣ የሳኒቬል ሰው፣ የሄይዋርዷ ሴት፣ ሁሉም ሞተር አስነሥተው ይጠብቃሉ። ደምሴ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ያስተናብራል።

«ሐዘንተኛ ብቻውን አይሄድም» አለ ዓይኑን ሳያይ። «ሁሉም አበባ ይዞ ይምጣ ብያለሁ። ውሃ አላልኩም።»

ዮዲ ነዳች። ሀይዌይ ሰቨንቲን ላይ ሲደርሱ አሳምነው ማውራት ጀመረ፤ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ድሮ ቫኑ፣ ስለ አየሩ። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም።

«እንቅልፍ መጣብሽ?»

«ዳድ፣ ጠዋት እኮ ነው። አይም ኦኬ።»

«ግድ የለም፣ አውሪኝ።»

ገና ያልደበዘዙ የጎማ ምልክቶች ያሉበት መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ዮዲ በአንድ እጇ የአባቷን እጅ ያዘች፤ አሳምነው ወዲያው ወደ መሪው መለሰላት።

ባሕሩ ዳር ጉም ነበር። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አሸዋው ላይ በሂል ጫማ እየሰጠሙ፣ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ወረዱ። የህዝቅያስ ጓደኞች ጥቁር የጎማ ልብሳቸውን ለብሰው ቦርዳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ሀረገወይን «ልጄ!» ብላ አንዱን እርጥብ ልጅ አቅፋ ማልቀስ ስትጀምር ሁሉም ተላቀሰ።

አበባው መጣ። ደምሴ የነገረው ሁሉ ከመንገድ ላይ ገዝቶ ይዟል፤ ጽጌረዳው፣ ነጩ፣ ቢጫው፣ ሁሉም በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ተጠቅልሎ በሪባን ታስሯል። ጉዲና ሊቀበል እጁን ዘረጋ፤ ላስቲኩን አየና ምንም ማለት አፈረ።

አሳምነው መሀል ገባ። የመጀመሪያውን እቅፍ ከሀረገወይን እጅ ወሰደ፣ ሪባኑን ፈታ፣ ላስቲኩን ገፈፈ፣ አበባውን ብቻ ለጉዲና ሰጠ። ላስቲኩን ኪሱ ከተተው። ሁለተኛውን ወሰደ። ሦስተኛውን። ሰው ሁሉ ሳይታዘዝ ተሰለፈ። የሱፉ ኪሶች ተነፉ፤ አሳምነው አላቋረጠም።

«ተወው እንጂ፣ አሳምነው፣ ሰው ያያል» አለ ደምሴ ቀስ ብሎ። «በኋላ እንለቅመዋለን።»

ልጆቹ አበባውን ይዘው ወደ ውሃው ገቡ። እየቀዘፉ ራቁ፣ ክብ ሠሩ፣ የህዝቅያስን ስም ጮኸው ጠሩ። ሁሉም ያን ሲያይ ነፋስ መጣና ከአሳምነው ኪስ አንዷን ላስቲክ መንጥቆ ወደ ባሕሩ ወሰዳት።

ተከተላት። ማዕበሉ ጫማውን፣ ቀጥሎም ጉልበቱን ሸፈነው። «ዳድ!» ብላ ዮዲ ጮኸች፤ እሱ ግን ዞር አላለም። ጎንበስ ብሎ ሳታት፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ ያዛት። ጨው ውሃውን አራገፈና፣ እዚያው እንደቆመ፣ በአራት አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ አስገባት።