እኩል የሆኑት ማማዎች

አባቴ ዜኖን በዘንድሮው ሾፕካ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያንን ሁለት ማማዎች እኩል አደረጋቸው። ክራኮቭ ተወልዶ የግራው እንደሚረዝም የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ፣ ገና ሲቃረብ፣ የከተማዋን ማማና ጉልላት በካርቶንና በሚያብረቀርቅ የቸኮላት ወረቀት እየሠራ መሃላቸው ሕፃኑን ኢየሱስን ሲያስተኛ የኖረ ሾፕካ ሠሪ ነው።

"አባባ፣ ይቺኛዋ ትንሽ ከፍ ብትል?" አልኩት ካርቶን ይዤ።

እጄን መታ አደረገኝ። "አንቺ መቀስ መያዝ የት ታውቂያለሽና? ዞር በይ።"

ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሐኪሙ ስለ አእምሮው የነገረኝን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ሾፕካ ሠሪዎቹ ግን እኩል ማማ ካዩ በቃ፣ ያውቃሉ። ወደ ዓመታዊው የሾፕካ ትርኢት እንዳንሄድ ቅዝቃዜውን አሳበብኩ፣ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ወይ ፍንክች፣ ባርኔጣውን አድርጎ በር ላይ ቆመ። ሾፕካውን በድብቅ ልሰብረውም አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በዲሴምበር የመጀመሪያው ሐሙስ ሠሪዎቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው አደባባይ፣ ሐውልቱ ሥር ሥራቸውን ይደረድራሉ። እኛም አስቀመጥን። የአባቴ የወጣትነት ጓደኛና ተፎካካሪ ገርቫዚ ዱላውን ተደግፎ መጣ። ምላሱ ምላጭ ነው።

"ዜኖን፣ አንተ አሮጌ ሌባ፣ ዘንድሮ ደግሞ የማንን ጉልላት..." ብሎ ጀመረና ማማዎቹን አየ። ከዚያ አባቴን አየ፤ ከዚያ እኔን። እባክህ እንደ ድሮው ስደበው አልኩ በሆዴ።

"ቆንጆ ነው" አለ ገርቫዚ ቀስ ብሎ።

አባቴን አንድም ቀን አመስግኖት አያውቅም። ያኔ ምን ይዋጠኝ።

"ሰማሽ?" አለኝ አባቴ ፈክቶ። "እሱ እንኳ አመነ።"

ቀትር ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ ረጅም ማማ መለከት ተነፋ። ዜማው እንደ ወትሮው መሃል ላይ ቁርጥ አለ፤ የጥንቱን መለከተኛ ሲነፋ ፍላጻ ጉሮሮውን ወግቶታል ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ የሚጨርሰው የለም። ወደ አራቱም አቅጣጫ እንዲሁ ተነፍቶ ሲያበቃ ሰው ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

አባቴ ግን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ሽቅብ እያየ ቀረ።

"አባባ፣ እንሂድ።"

"ቆይ እንጂ፣ ይጨርሰው።"

ገርቫዚ ባርኔጣውን አወለቀና አጠገቡ ቆመ። እኔም ከእነሱ ጋር ቆምኩ።