መልሱ እስኪገኝ

የጥርስ ሐኪሙ ዛሬም ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ለሐዘኑ በአንሶላ ከተሸፈነው መስታወት ሥር ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጠበቅ ጀመረ። የሚጠብቀው ልብስ ሰፊዋ አፏን እስክትከፍት ነው። በአይሁድ ሕግ ለቅሶ ደራሽ ቀድሞ አይናገርም፤ ሐዘንተኛው እስኪናገር ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ቀብራ፣ በሐዘን ደንብ ኮሌታዋን ቀዳ አጭሩ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከሌላው ሰው ጋር ታወራለች። እሱ ሲገባ ግን ጥርሷን ትነክሳለች፣ ቤቱም አብሯት ጭጭ ይላል። ይጠብቅ! እስኪሰለቸው ይጠብቅ። በቀብሩ ላይ አፉን ሞልቶ «ደከመኝ ብላ በፈቃዷ ማስተማር የተወች መምህር» ሲል የሰማችው አንሷት ነው?

ከጓዳ በኩል የሴቶቹ ሹክሹክታ ይሰማታል። ነፍሷ ትረፍና፣ ምናለ ተማሪዎቿን እዳር ሳታደርስ ባትተዋቸው፣ ስንቱ ሕፃን አለቀሰ፣ ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ደሟ የሚፈላው። እናቷ ሞተች፤ እሺ፣ ሰው ይሞታል። ልጆቹን ጥላ የሄደች ተብላ መቀበሯን ግን አንጀቷ እንቢ አለ።

እናቷ ከምኩራቡ ጀርባ ባለችው ክፍል ኦሪት ታስተምር ነበር። ተማሪዎቿ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ ፊት ቆመው ኦሪት ሊያነቡ የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። ወገቧን ስለሚያማት ወንበሯን ከቤት ወስዳ ነበር፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ከሥሩ ካርቶን አጥፋ ትወትፍበታለች። ደንቧ አንድ ነው፦ እሷ የማትመልሰው ጥያቄ የጠየቀ ልጅ፣ መልሱ እስኪገኝ እሷ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሷ ትቆማለች፣ ወገቧን ይዛ።

ወንበሩን ያዘወተረችው የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ናት። መምህሯ «እሜቴ ለምን» ነበር የምትላት። አንድ ቀን ይህቺው ልጅ፣ አብርሃም ለሰዶም ሰዎች እንደዚያ ከፈጣሪው ጋር ከተከራከረ፣ የገዛ ልጁን ሠዋ ሲባል ለምን ዝም አለ፣ ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም» አለች መምህሯ። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ልጅቷ ማታ ጥያቄውን ለአባቷ አቀረበች። አባትየው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ልጄን የላክኋት መልስ እንድትማር ነው እንጂ አባቷን እንድታፋጥጥ አይደለም፣ አለ። ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴው መምህሯን አሰናበተ፤ ወንበሯን ተሸክማ፣ እያለከለከች የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ ደረሰችባት።

«ወገብሽስ?»

«ወንበሩ የኔ ነው» አለች እናቷ። «የነሱን አልነካሁም።»

ከዚያ ወዲህ ሰንበት በመጣ ቁጥር ወንበሩን መስኮቱ ሥር አድርጋ፣ ልጆቹ ሲያልፉ ታይ ነበር። እነሱ ደክሟት ትታችኋለች ስለተባሉ ቀና ብለው አያዩም። እስክትሞት ድረስ አንዳቸውም አልመጡም።

አሁን መጡ። በሩ ተከፈተና ተማሪዎቹ ተከታትለው ገቡ፣ ከፊት የጥርስ ሐኪሙ ልጅ። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሕጉን ያስተማረቻቸው ሟቿ መምህራቸው ናት። የልጅቷ ዓይን የልብስ ሰፊዋ አፍ ላይ ነው።

አፏን ከከፈተች ደግሞ ያ ሰውዬም እንዲናገር ይፈቀድለታል። ልብስ ሰፊዋ እልኋን ይዛ ቆየች። በኋላ ግን አልቻለችም።

«ምን ልትይ መጣሽ፣ የኔ እናት?»

የጥርስ ሐኪሙ ቀና አለ። «እናትሽ እኮ ለሁላችንም...»

«እርስዎን አላናገርኩም።»

 ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ጥያቄ አለኝ። ምን አድርገናት ነው ትታን የሄደችው?»

 ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም እዚያው መዘርገፍ ትችል ነበር። ግን ለምን እሷ? ያሰራጨው ይልቀመው። ወደ ሰውዬው ዞረች።

«መልሱ እርስዎ ጋ ነው ያለው። ይኸው፣ አፌን ከፍቻለሁ፤ ይናገሩ።»

«ያው... ደክሟት...» አለና የልጁን ዓይን ሲያይ አቋረጠ።

«አባዬ?»

ሳምንቱን ሙሉ ለመናገር ሲቁነጠነጥ የከረመው ሰውዬ ፊቱን ከልጁ አዞረ። ጓዳ ያሉትም ሴቶች በሩ ላይ ብቅ አሉ።

ሐዘንተኛ ለማንም አይነሳም። ልብስ ሰፊዋ ግን ተነሳች። መስኮቱ ሥር የነበረውን፣ ሰሞኑን ማንንም ያላስቀመጠችበትን ወንበር አምጥታ ልጅቷ ፊት አቆመችው።

«ነይ፣ ተቀመጪ።»

ልጅቷ ደንቡን ታውቃለች። እንባዋ እየወረደ ተቀመጠች። ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ተንገዳገደ። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር የቀረውን፣ እናቷ ያጠፈችውን ካርቶን ከወለሉ አነሳችና ተንበርክካ ከአጭሩ እግር ሥር ወተፈችው፤ ወንበሩ መርጋቱን በእጇ እየነካች አረጋገጠች።