ራይሊ ስታነብ

ኢልፖ ዓይነ ስውር ነው። ኮምፒውተሩ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብለታል። በፊንላንዷ ታምፔሬ ከተማ ባለው፣ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት በምንጠቀም ሰዎች ማኅበራችን ውስጥ በጆሮው ብቻ ፕሮግራም የሚጽፍ እሱ ነው፤ እኛ ዓይን ያለን እንኳ እንደናበራለን።

ሚስቱ ራይሊ ዓምና ሞተች። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ታነብለት ነበር፤ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ጥቂቱን በድምፅ ቀድታለት ሄደች። ዛሬም ቡናውን የሚጠጣው ያንን የዓምና ዜና እየሰማ ነው።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚያወጣበት የድምፅ ካርድ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ቀድሞ የያዘው ፕሮግራም እስኪጨርስ ለሌላው አይለቅም። ራይሊ ማንበብ ስትጀምር የሚያነብለት የማሽኑ ድምፅ ጭጭ ይላል፤ ኢልፖ መልእክት ቢመጣለት አያውቅ፣ ሰዓት ቢጠይቅ መልስ የለም።

«ኦስሞ፣ እሷ እስክትጨርስ ለሁለተኛ ጊዜ ዓይኔ ይጠፋል። አስተካክልልኝ» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን ምን አስቻለህ? ቀላል ነገር እኮ ነው!»

ድምፆቹን ሁሉ ተቀብሎ፣ ቀላቅሎ ለካርዱ የሚያቀብል ፕሮግራም መሃል ላይ አስገባሁለት። ሁሉም በአንዴ መናገር ቻሉ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ኢልፖ ከስብሰባ ቀረ። ቤቱ ሄድኩ።

«እንደነበረ መልሰው» አለኝ ገና ከመግባቴ።

«አብደሃል? ስንቱ ይሄን አጥቶ ይንገበገባል!»

ቀረጻውን ከፈተው። ራይሊ የሐይቁ በረዶ መሳሳቱን ታነባለች። በመሃል ማሽኑ በዚያ ደረቅ ድምፁ «አዲስ መልእክት ደርሷል» አለ። እሷ ከሥር ቀጠለች፤ ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም።

«ድምፁን ልቀንስልህ?»

«በቁሟ ማን ደፍሮ አቋርጧት ያውቃል? አንተስ ብትሆን?»

እውነቱን ነው። አንዴ ስታነብ ጣልቃ ገብቼ፣ በጋዜጣው አናቴን ብላኛለች።

«እና መልእክት ሲመጣልህስ?»

«ማን ይጽፍልኛል ኦስሞ? አሁን ያቋረጣት ያንተው የማኅበር ማስታወቂያ ነው።»

አፈርኩ። ኮምፒውተሩን እንደነበረ መለስኩት። ቀረጻውን ከመጀመሪያው አስጀመረ፤ ማሽኑ ጭጭ አለ። ኢልፖ ሲኒውን ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ። ደህና ዋል ልለው አፌን ስከፍት፣ አታቋርጣት እንደማለት እጁን አነሳ።

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ሰውን ሁሉ በኮቴው የሚለየው ኢልፖ፣ መውጣቴን የሰማ አይመስለኝም።