የጠፋው እንስሳ ጠረን

ከብቶቹ ጠረኑን ያሸተቱት እንስሳ ከምድር ላይ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል።

ዶክተር ትርሲት መጀመሪያ ላይ መሣሪያው ተሳስቷል ብላ ነበር። ሥራዋ የሚያመሰኩ እንስሳት በጠረን የሚግባቡባቸውን ጂኖች ማጥናት ነው። ኮርማ የደረሰችን ጊደር የሚለየው በእነዚህ ነው። ከጂኖቹ አንዳንዶቹ የሚቀበሉት ጠረን ከዓለም ሲጠፋ አብረውት ሞተዋል፤ የቀረው እንደ ጠባሳ ያለ ምልክት ብቻ ነው። ከሞቱት አንዱ አሁን በምርምር ጣቢያው ከብቶች ሁሉ ውስጥ ድኖ ተገኘ። አምና ጂኑን ሞቶ ባየችበት በአንዲት አሮጊት ላም ደም ውስጥ እንኳ ድኗል። ናሙናውን ደግማ ሠራችው። ያው ነው።

ወደ በረቱ ወርዳ ወንድሟን ጥበቡን ጠየቀችው። ጥበቡ የከብቶቹ ኃላፊ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ትምህርቱን ያቋረጠውም ለእሷ ብሎ ነው።

"ወደ ወንዙ ዞረው ነው የሚውሉት" አላት።

እውነቱን ነው። ከብቶቹ በሙሉ አንገታቸውን ዘርግተው፣ የላይኛውን ከንፈራቸውን ገልብጠው፣ ወደ ወንዙ ዞረው ቆመዋል። የጎረቤት ፍየልና በጎችም እንደዚያው። ውሻውና አህያው ግን ምንም አልመሰላቸውም፤ እነሱ አያመሰኩም። ትርሲት ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። አለቃዋ በጥሞና ከሰሟት በኋላ ከብቶቹ እንዳይወጡ አጥሩ ቢታይ ጥሩ ነው አሏት።

በማግስቱ ምሳ ላይ ጥበቡ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የላይኛው ከንፈሩ ድዱ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ተገለበጠ። ጥቂት እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ከንፈሩን መለሰና ጎረሰ።

"ወንድም ዓለም፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም። እየመጣ ነው። ገና ሩቅ ነው።"

ከጉንጩ በጥጥ ናሙና ወሰደች፤ ከራሷም ወሰደች። የእሷው ጂን፣ የሰው ሁሉ እንደሆነው፣ ሙት ነው። የእሱ ይሠራል።

"ጠረኑ የምን ነው?" አለችው።

"የእረኛ።"

"የእረኛ ነው የአውሬ?"

ጥበቡ አሰበበት። "በዚያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ነበሩ" አላት።

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ትርሲትን ያስፈራት ይኸው አለመፍራቱ ነው።

በነጋታው ጠዋት ከጣቢያው በር ወጥቶ ወደ ወንዙ ሲያመራ ደረሰችበት። ክንዱን ስትይዘው እሺ ብሎ ተመለሰ። ወደ መኖ መጋዘኑ ወሰደችው። መስኮት የለውም፤ በሩ ብረት ነው። ፉሩሽካ የሞላ ጆንያ ላይ አስቀመጠችውና ከውጭ ቆለፈችበት።

"ትርሲቴ" አላት ከውስጥ።

"ምን?"

"ብትከፍቺልኝ እሄዳለሁ። ካልከፈትሽ ግን እዚህ ድረስ ይመጣል። አንቺ ደግሞ አይሸትሽም፤ የት እንዳለ አታውቂም።"

"ይምጣ። አንተን አሳልፌ አልሰጥም።"

"ክፈቺ፣ እህቴ። አንቺን እንዲነካብኝ አልፈልግም።"

ትንሽ ሳለች ኩፍኝ ይዟት፣ በዝናብ አዝሏት ጤና ጣቢያ ድረስ የሄደው ትዝ አላት። ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ከብቶቹ መጥተው መጋዘኑን ከበቡት። ከዚያ ማንም ሳይነዳቸው ለሁለት ተከፍለው መሀል ላይ መንገድ ለቀቁ። ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ነፋስ አልነበረም። ከወንዙ ጀምሮ ሣሩ መተኛት ጀመረ፤ እዚህ ጋ አንድ ክብ፣ ከዚያ ፈንጠር ብሎ ሌላ። የተኛው ሣር ተመልሶ አልተነሣም። የመጨረሻው ክብ ከእግሯ ፊት ለፊት ተኛ።

ትርሲት ከፊቷ ወንዙን አየች፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን ግራርም አየች። ሌላ ምንም አልነበረም፤ የሚሸታትም አልነበረም። እጇን ዘረጋች። መዳፏ እርጥብና ሞቃት ጠጉር ላይ አረፈ። ጠጉሩ ከፍ ዝቅ ይላል። እጇን አላነሣችም፤ ከበሩም አልተንቀሳቀሰችም። ጠጉሩ መዳፏን እየታከከ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ላይ ተነሣና ለቀቃት።

ዞር ብላ በሩን አየች። እንደተቆለፈ ነው።

"ወንድም ዓለም?" ብላ ተጣራች።

"ወዬ" አላት፣ ሁልጊዜ እንደሚመልስላት አድርጎ።

ድምፁ የመጣው ከመጋዘኑ ውስጥ አልነበረም። ከላይ ነው፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ በጣም ከፍ ብሎ።

ቀና አለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ነገር፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ማመስኳት ጀመረ።