የፈንታ ጾም

ባሌ ፈንታ አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ሄዶ የፕሮስቴት ካንሰሩን አስወጥቶ ሲመለስ ጻድቅ ሆኖ መጣ። ድሮ ሁዳዴን እንኳ እያጉረመረመ ነበር የሚጾመው። ከሕክምናው ወዲህ ግን ጽጌን ያዘ፣ ነቢያትን አስከተለ፣ የቄስ ነው ተብሎ የሚተወውን የሰኔን ጾም ሳይቀር አንድ ቀን አላጎደለም። በጾም ባልና ሚስት እንደማይነካኩ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ የበግ ጠጉር ባናውን ይዞ ወደ መደቡ ወረደ። ጾም ያልሆነ ቀን ደግሞ ወይ ዋዜማ ነው፣ ወይ ቅዳሜ ነው፣ ወይ ወገቡን ብርድ መትቶታል።

አገሩ አደነቀው። ሰበካ ጉባኤው መረጠው። የአንድ ለአምስቷ ጠርናፊ ሳትቀር «በቤተሰብ ምጣኔ ሞዴል» ብላ መዘገበችን። እኔ አርጅቼበት የጠላኝ መስሎኝ ሁለት ዓመት ተቃጠልኩ። መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ ቀሚስና ሽቶ ገዛሁ። ለማን? ለበጎቹ።

ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዓምና ሃምሳውን ጠበል ገብቶ አመለጠኝ። ዘንድሮ «ስለት አለብኝ» ብሎ ጾም ጀመረ። ይህን ጊዜ ደሜ ፈላና የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ አማኑኤልን ጠራኋቸው።

«በሃምሳው መጾም የተወገዘ ነው! ማን ፈቀደልህ?» ብለው ጮኹበት።

ፈንታ አቀረቀረ። «አባ፣ ካንሰሩ ሲወጣ ወንድነቴም አብሮ ሄደ። ጥላኝ እንዳትሄድ ፈርቼ ነው።»

አባ ለሌባውም፣ ለሰካራሙም፣ በሐሰት ለመሰከረውም ቀኖና አላቸው። ለዚህ ግን አጡ። መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

እኔ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥዬ ተቆጣሁ። «የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር እኮ! ለመሆኑ ሐኪሙን ጠይቀኸዋል?»

«ወንድምሽ አጠገቤ ቆሞ? እንዴት ብዬ፣ አረጋሽ!»

በሳምንቱ አውቶቡስ ይዘን አዲስ አበባ ገባን። ወንድሜን በር ላይ አስቀረሁት። ሐኪሙ ነገሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ወንድ የሚያጋጥመው መሆኑን፣ የሚሞከር መድኃኒት እንዳለ፣ መድኃኒቱ ባይሠራ እንኳ መተቃቀፍን የከለከለ እንደሌለ ነገረን።

«በሦስት ወር ይመለሱ ብዬዎት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ነበር?» አለው።



«ሲጾም» አልኩ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ?»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወንበሬን ጠጋ አደረግኩና ጀመርኩ፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ይታገሡኝ።