መሪው ሞተር
ዚክራ ከደሴ ኮምቦልቻ በተደረገው የጎዳና ሩጫ ብቻዋን እየመራች ነበር። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ከፊቷ ሆኖ መንገድ የሚመራው ሞተረኛ ነዳጅ ሊቀዳ ወደ ማደያ ታጠፈ፤ እሷም ተከተለችው። ነገሩ ገብቷት እስክትመለስ ሦስት ሯጮች አለፏት፤ አራተኛ ወጣች።

"መንገዱን አታውቂውም እንዴ?" አላት የውድድሩ ኃላፊ።

"እዚሁ ተወልጄ እንዴት አላውቀውም! ከሞተሩ የተለየ ይሰረዛል ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም?"

ኃላፊው ግን ውጤቱን አልቀየረም። ይባስ ብሎ በሽልማት ሥነ ሥርዓቱ ላይ ለሞተረኛው "ስላደረገው ትብብር" ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ዚክራ ደሟ ፈላ። መድረኩ ላይ ወጥታ ማይኩን ከአስተዋዋቂው ቀማች።

"ወላሂ፣ እኔን ያሸነፈኝ ሯጭ አይደለም፤ ቤንዚን ነው!"

ሕዝቡ አጨበጨበላት፤ ሞተረኛው አንገቱን ደፋ። እሷ ግን እልህ እያስለቀሳት ባጃጅ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።